ከኋላ የሚመጣው መኪና

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሐመድአሚን፤

እንደምን ከርመዋል? የጅዳው ሙቀት በረድ ብሎልዎት ይሆን? እኛ ተመስገን፣ ሁላችንም አለን። እናቴ ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። «የአክስቴ ልጅ በዱዓው እንዳይረሳኝ በይልኝ» ብላለች።

ዳታው ከተቋረጠ ወዲህ ስልኩም ሲሻው ይሠራል፣ ሲሻው ዝም ይላል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት ልጽፍልዎ ነው። ፖስታውን ልጅዎ ጀብሪል በሚኒባሱ ደሴ ያደርሰዋል፤ የእህትዎ ልጅ ኢልሀም ከፎቶ ኮፒ ቤቷ ሆና በስልኳ አንስታ ትልክልዎታለች። አንቱም የጻፉትን አንስተው ለሷ ከላኩ፣ አትማ በፖስታ ለጀብሪል ትሰጠዋለች።

አዲስ ወሬ ቢኖር ብስክሌት መግዛቴ ነው። እንደሚያውቁት የማዋልድበት ጤና ጣቢያ ከመካነ ሰላም በአቀስታ መንገድ አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ሚኒባሶቹ ደሴ የሚወርድ ሰው ይፈልጋሉ እንጂ እንደኔ መንገድ ላይ የሚቀረውን አይጭኑም። ባጃጁም አንድ ቀን አለ፣ ሦስት ቀን የለም። ምጥ የያዛት ሴት ደግሞ አዋላጇ ባጃጅ እስክታገኝ አትጠብቅም። ከጤና ጣቢያው አለፍ ብሎ ሒሳብ የሚያስተምር ምናለ የሚባል መምህር አለ፤ ዓመት ሙሉ በብስክሌት ተመላልሷል። «እግርሽ በሁለት ሳምንት ይለምደዋል» አለኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት አብረን እንወጣለን። ሌሎች መምህራንና የግብርና ሠራተኞች ተጨምረው ሰባት ደርሰናል።

እግሬስ እውነትም ለመደ። ያልለመደው ጆሮዬ ነው። ከኋላ የሚመጣ መኪና አይታይም፤ ይሰማል እንጂ። ድምፁ እየጎላ፣ እየጎላ ይመጣና ልክ ከጆሮዬ ሥር ሲደርስ ክላክሱን ይለቁታል። ያን ጊዜ መሪው ከእጄ ሊወጣ ምንም አይቀረው። የመንገዱ ዳር ልቅ ጠጠር ነው፤ ከጠጠሩ ወዲያ ቁልቁለቱን ያውቁታል። ምናለ ሁልጊዜ በመኪናው በኩል ይሆንና እኔን ወደ ዳር ያደርገኛል። ወደ ዳር መሆኑም ያስፈራኛል።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ዕድሜውን ሙሉ መሪ የያዘ ሰው ምን ይለኝ ይሆን ብዬ ነው።

አክባሪዎ የሻለም

—

ጅዳ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻለም፤

ሰላምና ራሕመት ቤታችሁን ይሙላው። ለእናትሽ ጉልበት ዱዓ አድርጌያለሁ፤ የሚቀባ መድኃኒትም ሰው ሲገኝ እልካለሁ። እኔ አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ። ያው የሰው ልጆች ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ፤ ማዳምን ገበያ አደርሳለሁ፣ እመልሳለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ ሄደ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሳትቀየሚኝ እውነቱን ልንገርሽ፤ ሾፌር ብስክሌተኛ አይወድም። እዚህም ምግብ የሚያመላልሱ የባንግላዴሽ ልጆች አሉ፤ ከየት ብቅ እንደሚሉ አይታወቅም። አንቺ ቁጣ ይመስልሻል፤ ፍርሃት ነው። ቢወድቅብኝስ፣ ቢዞርብኝስ ይላል ሾፌሩ። ፍርሃቱን በክላክስ ያወጣዋል። እናንተም ጥፋት አላችሁ። ተማሪዎች ዳገት ላይ የአይሱዙ ስፖንዳ ይዘው እንደሚጎተቱ ሰምቻለሁ። ጎን ለጎን አትሂዱ። ክላክስ ስትሰሚ ወደ ኋላ አትዙሪ፤ ዓይን ወደ ዞረበት እጅም ይዞራል። ከሩቅ የሚታይ ሰደርያ በሰው ለኢልሀም ልኬያለሁ፤ ልበሽው።

አሁን ደግሞ የኔን ጉዳይ ስሚኝ። የጀብሪል ድምፅ አጠረብኝ። ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ደውሎ መንገዱ እንዴት እንደዋለ ያጫውተኝ ነበር። አሁን «ደህና ነኝ አባ፣ መንገድ ላይ ነኝ» ብሎ ይዘጋል። እናቱ የሞተች ጊዜ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ እናትሽ ናት ወስዳ ያሳደገችው፣ አንቺም ስታዝይው ነው የኖርሽ። ለሱ እህቱ ነሽ። ከማን ጋር እንደሚውል፣ ምን እንደሚያስብ ዘርዘር አድርገሽ ጻፊልኝ።

አባትሽ ሙሐመድአሚን

—

መካነ ሰላም፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤናዎን ያብዛልዎ፣ ከክፉ ሰውና ከክፉ መንገድ ይሰውርዎ።

ሰደርያው ደርሶኛል። ለብሼው ስወጣ ምናለ ስቆ፣ «አሁን ጨረቃ ላይ ያለ ሰውም ያይሻል» አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ሾፌሮችና ብስክሌተኞች አዳራሽ ተጠርተን ነበር። የወረዳው ሰዎች ሊያስታርቁን ነበር፤ ብሶ ተለያየን። አንዱ ሾፌር ተነሥቶ፣ «መንገድ የመኪና ነው። ዳር ዳሩን በበቅሎ የሚሄድ እንኳ መኪና ሲያይ ይወርዳል፤ እነዚህ ግን አይወርዱም» አለ። ምናለ ተነሣና፣ «እኛ የምንጠይቀው አንድ ሜትር ነው። ሰው ሲቀበር እንኳ ከዚያ ይበልጣል የሚሰጠው» አለ። ያን ጊዜ አዳራሹ ተንጫጫ። ከሾፌሮቹ ደሳለው የሚባለው ብቻ ነው ደግ የተናገረ። «እኔም ጉም ሲሆን እፈራለሁ። ድንገት ፍሬን ብይዝ ከኋላዬ አሥራ አምስት ነፍስ አለ። ግን አንድ ሜትር አያጣላንም፤ እንልቀቅላቸው» አለ። የራሱ ጓደኞች አፏጩበት።

ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን አንድ ሚኒባስ እያለፈን ሳለ፣ ረዳቱ በመስኮት እጁን አውጥቶ ጀርባዬን በጥፊ መታኝ። ጠጠሩ ላይ ወደቅሁ። ሁለቱም መዳፌ ተላጠ። ሚኒባሱ ትንሽ ራቅ ብሎ ቆመ። የሚወርድ ሰው መስሎኝ ነበር፤ ማንም አልወረደም። ከዚያ ሄደ። ምናለ፣ «የማን መኪና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «አላየሁትም» አልሁት። በዚያ ሳምንት ጓንት አድርጌ ሦስት ሴቶች አዋለድሁ።

ስለ ጀብሪል የጠየቁኝ፦ ሥራ በዝቶበታል። ደህና ነው።

የሻለም

—

ጅዳ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሻለም፤

አላህ እጅሽን ይፈውስልሽ፤ ስንት ነፍስ የተቀበለ እጅ ነው።

ስለ መንገዱ ይህን ሁሉ ጽፈሽ ስለ ልጄ አራት ቃል ጻፍሽልኝ። ቆጠርኋቸው። ከደሴ የመጣ ሰው ደግሞ ሾፌሮቹ ተሳፋሪ ለመሻማት በዚያ መንገድ ይሽቀዳደማሉ ብሎ ነገረኝ። ልጄ አለበት? ያ የቆመው ሚኒባስ የማን ነበር? የማታውቂው ከሆነ አላውቅም በይኝ፣ አምንሻለሁ። ዝም ስትይኝ ግን ፈራሁ።

እባክሽ ለጊዜው ብስክሌቱን ተይው።

ሙሐመድአሚን

—

መካነ ሰላም፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ሙሐመድአሚን። እግዚአብሔር ያጽናናን፣ ይታረቀንም።

ምናለ ተገጭቷል።

ጥር 29 ቀን ጠዋት ነው። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሞልቶት ነበር። ሌሎቹ ቀድመውናል። እኔ ሰንሰለት ወልቆብኝ ቆምሁ፤ ምናለ «ቀስ እያልሁ ልቀድምሽ» ብሎ አለፈ። እጄ ግራሶ በግራሶ ሆኖ ሳለ ሚኒባስ ሰማሁ። ነጠላዬን በንፋሱ ገፎኝ አለፈ። ከዚያ ክላክስ፣ ከክላክሱ ቀጥሎ እንደሚረገጥ ጣሳ ያለ ድምፅ። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ረገብ አለና እንደገና ጎላ። ሄደ።

ብስክሌቴን ጥዬ ሮጥሁ። ምናለ ከቦዩ ውስጥ ነበር። ዓይኑ ተገልጧል፤ አያየኝም። እግሩን በነጠላዬ አሰርሁት፣ ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ «ተንፍስ፣ ተንፍስ» እለው ነበር፤ ምጥ ላይ ያለች ሴት ይመስል። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ቀጥሎ የመጣው የደሳለው ሚኒባስ ነው። ቆመ፣ ተሳፋሪዎቹን አወረደ፣ ምናለን ተሸክሞ ጫነው፣ ወደ መካነ ሰላም አዞረ። ከዚያ ሐኪሞቹ ወደ ደሴ ላኩት። እስካሁን አልነቃም።

ፖሊስ ጠየቀኝ። «ጉም ነበር፣ የገጨውን መኪና አላየሁም» ብዬ ፈረምሁ። ለአንቱም ከዚህ የተለየ የምጽፈው የለኝም። ጉም ነበር።

ብስክሌቱ ቤት ቆሟል። በእግሬ እሄዳለሁ። መኪና ስሰማ ከመንገዱ ወጥቼ ጀርባዬን ሰጥቼ እቆማለሁ።

የሻለም

—

ጅዳ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻለም፤

እናንተም ሁዳዴ ላይ፣ እኛም ረመዳን ላይ ነን፤ በዚህ በተከበረ ወር የተለመነ አይመለስምና ለመምህሩ ዱዓ እያደረግሁ ነው። አንቺንም ስላተረፈልኝ ሌሊቱን ሰግጄ አደርሁ።

ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ። አላየሁም ካልሽ አላየሽም፤ ጉም ጉም ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ በጉም ነድቻለሁ።

ጀብሪል ከስንት ጊዜ በኋላ ደወለልኝ። ድምፁን ስሰማ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ላም ገጭቼ ነው፣ የቀኝ ፓራፋንጎና የፊት መብራት ግዛልኝ አለኝ። መብራቱን እዚሁ ጅዳ አግኝቼ ገዝቻለሁ። ከላሟ ባለቤት ጋር አስታርቃችሁት ይሆን? የማን ላም ነች? ሰው በላሙ ቂም ይይዛልና፣ እናትሽ ሽማግሌ ትላክልኝ። ልጄ እንደሆነ አፍሮ አይነግረኝም፤ አንቺ ጻፊልኝ።

ሙሐመድአሚን

—

ደሴ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ይህን የምጽፈው ኢልሀም ሱቅ ውስጥ፣ ከማሽኑ ጀርባ ተቀምጬ ነው። ደም የፈሰሳት ሴት በአምቡላንስ ይዤ መጥቼ ነው ደሴ የተገኘሁት። ሴትዮዋ ተርፋለች። ይህ ደብዳቤ በጀብሪል እጅ አያልፍም፤ ስለዚህ ዛሬ እውነቱን ይሰሙኛል። ቁጭ ብለው ያንብቡት።

ላም የለችም።

ጀርባዬን በጥፊ የመታኝ የጀብሪል ረዳት ነው። ራቅ ብሎ የቆመውም ጀብሪል ነው። በስፖኪዮ ሲያየኝ ነበር፤ ሳይወርድ ሄደ። ጥር 29 ቀን ነጠላዬን ገፎ ያለፈው የአንቱ ሚኒባስ ነው። ታርጋውን ማንበብ አላስፈለገኝም። ያን ሞተር ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈታውና ሲገጥመው አብሬው ነበርሁ፤ ድምፁን ከሺህ መኪና እለየዋለሁ።

ያለፈው ደብዳቤዎ የደረሰኝ ፖስታው ተከፍቶ ነው። ጀብሪል ራሱ ከቀትር በኋላ ጤና ጣቢያ ድረስ አመጣልኝ። እናቶች ልጆቻቸውን ለክትባት ይዘው ደጅ ተሰልፈዋል። ጥግ ላይ ቆመን ወረቀቱን ሰጠኝ።

«ላም ነው ብለሽ ጻፊለት» አለኝ።

«የማን ላም ብዬ ልጻፍ?»

«የማንም ይሁን። ብቻ ላም ነው በዪው።»

ከስቷል። ከንፈሩ ደርቋል፤ ጾሙ ብቻ አይመስለኝም። «የሻዬ፣ ላስደነግጠው ነበር። ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን፤ ጠጋ ብለን ክላክስ ለቀን እናልፋለን። ጠጠሩ አንሸራተተውና ወደኔ መጣ። ልቆም ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ» አለ።

«ሞቷል እኮ» አልሁት። ምናለ ከዚያች ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 7 ነው ያረፈው። ሳይነቃ ሄደ።

«አውቃለሁ። ወንድሞቹ ደም እንመልሳለን ብለው ምለዋል። ካወራሽ እሞታለሁ።» ሊሄድ ሲል ዞር አለና፣ «አንቺም በዚያ መንገድ ነው የምትመላለሺው» አለኝ። ዛቻ ይሁን ምክር እስካሁን አላወቅሁም። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ይኸውልዎ። የምናለ ወንድሞች ደሳለውን ነው የያዙት። «ገጭቶ ነው የጫነው፤ ያልገጨ ማን ተሳፋሪ አውርዶ ሬሳ ይጭናል?» ይላሉ። የመኪናው ወለል ደም ነው፤ ተሳፋሪዎቹ ፈርተው ጉም ነበር ከማለት አያልፉም፤ እኔ ደግሞ ምንም አላየሁም ብዬ ፈርሜያለሁ። ደሳለው ታስሯል። ቤቱን በድንጋይ ደብድበውታል። ሚስቱ ሀይማኖት የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ክትትሏን የማደርግላት እኔ ነኝ።

ምን ላድርግ? ይንገሩኝ።

የሻለም

—

ጅዳ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሻለም፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ ያዘገየሁት ደብዳቤሽ ስላልደረሰኝ አይደለም። በደረሰኝ ቀን የሰው ልጆች ከትምህርት ቤት ማምጣት ረስቼ ባሕር ዳር ቆሜ ተገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ስንቴ ብዕር ይዤ ስንቴ አስቀመጥሁት።

ጀብሪልን ደውዬ አገኘሁት። አልካደኝም። የሆነውን ሁሉ ነገረኝ።

የሻለም፣ አንድ ልጅ ነው ያለኝ። እናትሽ ጡት ካልሆነ በቀር ሁሉንም የሰጠችው ልጅ ነው። የአገራችንን ደም ታውቂዋለሽ፤ ዓመት ቆጥሮ፣ ከተማ አቋርጦ ይመጣል። ፖሊስ ቤት ቢገባ እንኳ ሲወጣ ይጠብቁታል። ደሳለው ግን ንጹሕ ሰው ነው፤ ማስረጃ ሲጠፋበት ይለቁታል፤ አላህ ንጹሕን ሰው አይጥልም። ትንሽ ጊዜ ብቻ ስጪኝ። ለጀብሪል ወደዚህ የሚመጣበትን መንገድ እየፈለግሁ ነው። እስከዚያ ያልሽውን አትለውጪ። ጉም ነበር ብለሻል፤ ጉም ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር እለምንሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እየፈራሁ ነው የምጽፍልሽ።

ሙሐመድአሚን

—

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ሙሐመድአሚን፤

ሰላምዎ ይብዛ። ይህን የአምቡላንሱ ሾፌር ነው ለኢልሀም የሚያደርሰው።

ልመናዎ ደርሶኛል። ሳምንት ሙሉ ልታዘዝዎ ሞከርሁ። ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ የደሳለው ሚስት ሀይማኖት ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ ያዛት። እናቷና ጎረቤቷ በቃሬዛ አምጥተው ጣሉልኝ፤ ወደ ከተማው ሆስፒታል እሷን የሚጭን ሚኒባስ አልተገኘም። ሾፌሮቹ ፈሩ። ሰው መጫን ምን እንደሚያመጣ አይተዋል።

ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አብሬያት ነበርሁ። አንድ ጊዜ ሕመሙ ጋብ ሲልላት እጄን ይዛ፣ «አንቺ እዚያ ነበርሽ አሉ። ደሳለው ሲመጣ ሰውየው ወድቆ አልነበረም?» አለችኝ። በቁጣ አይደለም የጠየቀችኝ። ሰዓት ስንት ነው እንደሚባለው ነው። ቀጥሎ ምጡ መጣና መልስ ሳልሰጣት ቀረሁ። ወንድ ልጅ ወለደች፤ ትንሽ ነው፣ ሁለት ኪሎ አይሞላም፣ ግን ይተነፍሳል። እትብቱን ስቆርጥ ለራሷ እንደምታወራ ሆና፣ «አባቱ ቢያየው» አለች።

ጋሼ፣ እኔም እፈራለሁ። ሾፌሮቹን እፈራለሁ፣ የምናለን ወንድሞች እፈራለሁ፣ ፖሊስ መጀመሪያ ለምን ዋሸሽ ቢለኝ እፈራለሁ። ከሁሉ ይልቅ ጀብሪል እንዳይሞት እፈራለሁ፤ በጀርባዬ አዝዬ አሳድጌዋለሁ። ግን ደሳለው የታሰረው በኔ ፊርማ ነው። ማስረጃ ሲጠፋበት ይለቁታል ብለውኛል፤ የሚያስፈታው ማስረጃ ግን እኔ ነኝ።

ሰኞ ግንቦት 18 ቀን ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ ያየሁትን እናገራለሁ። ለጀብሪልም ነግሬዋለሁ። ይቅር ቢሉኝ ደስ ይለኛል፤ ባይሉኝም እሄዳለሁ።

የሻለም

—

ጅዳ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ የሻለም፤

ከሰኞ በፊት እንዲደርስሽ ኢልሀም ሰው ፈልጋ እንድትልክልሽ አዝዣታለሁ።

ለማንም ያልነገርሁትን ልንገርሽ። ከመሰደዴ በፊት የደሴን መስመር ስነዳ፣ በእግሩም በበቅሎም የሚሄደውን ሰው ጠጋ ብዬ እያስደነገጥሁ አልፍ ነበር። በቅሎዋ ስትዘል፣ ሰውየው ሲሳደብ እንስቅ ነበር። ጀብሪል አምስት ዓመቱ ነው፤ ከጎኔ ተቀምጦ ይስቅ ነበር። «ድገመው አባ» ይለኝ ነበር። እደግመው ነበር። እኔን አላህ ሸፈነኝ፤ ማንም አልሞተብኝም። ልዩነታችን ይህ ብቻ ነው።

ትናንት ለጀብሪል ደወልሁ። «ሰኞ የሻለም ስትሄድ አብረሃት ሂድ። ቀድመህ አንተ ተናገር፤ እሷ እንድትከስህ አታድርጋት» አልሁት። አለቀሰ። «ይገድሉኛል አባ» አለኝ። «እኔም እመጣለሁ» ብቻ አልሁት።

የሐጅ ሰሞን ስለሆነ አሠሪዬ ሊለቀኝ አልፈለገም። ከአረፋ ማግስት ካገር መውጫ ፈቃድ ይሰጠኛል። የጽሑፍ ቃሌን ለኢልሀም ልኬላታለሁ፤ ጀብሪል የነገረኝን ሁሉ ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ቢከዳሽ ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ።

አትናገሪ ማለቴን እርሺልኝ። መርሳት ካልቻልሽም አልፈርድብሽም።

ሙሐመድአሚን

—

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ልብዎን ያበርታው። የሆነውን በተርታ ልንገርዎ።

ሰኞ ጠዋት እናቴ በሩን ስትከፍት ጀብሪል ደጅ ቆሟል። ሚኒባሱን አልያዘም። እናቴ ምንም እንደማታውቅ ነበር የመሰለኝ፤ ለካ ሁሉንም ታውቃለች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ አየችውና፣ «ቁርስ በልታችሁ ሂዱ» አለችው። አንዳችንም አልበላንም።

በእግራችን ሄድን። መንገዱ ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር እሱም እንደኔ ወደ ዳር ሲሸሽ አየሁት። ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «እንመለስ ብልሽስ?» አለኝ። «እኔ እገባለሁ» አልሁት። ቀድሞኝ ገባ። የአንቱን ወረቀት ማውጣት አላስፈለገኝም። እሱ ሲናገር እኔ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ፤ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ እኔ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው ቀና ብሎ፣ «ለምን አራት ወር?» አለኝ። «ፈርቼ» አልሁት። ያንኑ ጻፈው። በዋሸሁት እከሰስ እንደሆነ ገና አልታወቀም።

ደሳለው በአራተኛው ቀን ተፈታ። ልጁን አቅፎ ሲወጣ ከሩቅ አየሁት። ላመሰግነው፣ ይቅርታ ልጠይቀው ቤቱ ሄጄ ነበር። ሀይማኖት አስገባችኝ። እሱ ግን፣ «እኔ ሰው ሳየው ወዲያው ቆምሁ። አንቺ አራት ወር አየሽኝ» አለና ወደ ጓዳ ገባ። እውነቱን ነው። ወጣሁ።

ጀብሪልን በዚያው ሳምንት ለደኅንነቱ ብለው ወደ ደሴ ወስደውታል። ካህናቱና ሼሆቹ አንድ ላይ ሆነው ለምናለ ቤተሰብ ለሽምግልና ሄዱ። ወንድሞቹ አልተቀበሏቸውም። ሚስቱ ዓባይነሽ ብቻ ደጅ ድረስ ሸኝታ፣ «ዛሬ አይደለም፤ ግን መምጣታችሁን አትተዉ» አለቻቸው። ሽማግሌዎቹ ለአንቱ የላኩት መልእክት ይህ ነው፦ ሲመጡ ደሴ ይቁሙ። እርቁ ሳያልቅ መካነ ሰላም እንዳይገቡ፣ የአቀስታን መንገድም እንዳይረግጡ።

እኔ አሁንም በእግሬ ነው የምሄድ። ሾፌሮቹ አይጭኑኝም፤ አንዳንዱ ሲያልፍ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያየኛል፣ ይሄዳል። ያ ከክላክሱ ይበልጥ ያስፈራኛል። ማለዳ ስወጣ እናቴ የመጨረሻው ቤት ድረስ ትሸኘኛለች።

ጀብሪልን ትናንት በአምቡላንሱ ደሴ ሄጄ ጠየቅሁት፤ መጠየቂያው ማክሰኞ ብቻ ነው። ልወጣ ስል፣ «አባ ሲመጣ ሊያየኝ ይፈልግ እንደሆነ ጠይቂልኝ። ባይፈልግም እንዳይደብቀኝ በዪው» አለኝ። ምን ልበለው?

የሻለም

—

ደሴ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለየሻለም፤

ትናንት ገባሁ። ኢልሀም ቤት ነኝ። ከነገ ወዲያ ማክሰኞ ነው፤ በጠዋት እስር ቤቱ በር ላይ እቆማለሁ። አንቺ አትምጪ፤ መንገዱ ጉም ነው ይላሉ። የምለውን ለራሱ እነግረዋለሁ።

ሙሐመድአሚን